ከሦስተኛው ምዕራፍ የተረሳው ክፍል፦ «ዘ ሰርቫይቨርስ» ለምን ተገቢውን ክብር አላገኘም?

ቀይ መብራት (ክሩን የከፈተው)

«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀነሬሽን» የተባለው የሳይንሳዊ ልቦለድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ወዳጆች ስለ ሦስተኛው ምዕራፍ ጨዋታ ሲጀምሩ ወሬው የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይታወቃል። አንዱ «የስተርዴይስ ኢንተርፕራይዝ»ን ያነሣል፤ ሌላው የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ፒካርድ ቦርግ በተባሉ ጠላቶች እጅ የወደቀበትንና ምዕራፉ የተዘጋበትን «ዘ ቤስት ኦፍ ቦዝ ወርልድስ»ን ያስከትላል፤ ሆደ ባሻ የሆነው ደግሞ ሰው ሠራሹ መኮንን ዴታ ልጅ የሠራበትን «ዚ ኦፍስፕሪንግ»ን ያስታውሳል፤ በዚሁ ሌሊቱ ይገባደዳል። ከዚያ ምዕራፍ 26 ክፍሎች መካከል ሦስተኛው የሆነውና እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1989 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ዘ ሰርቫይቨርስ» ግን ሰው በበዛበት ድግስ ከበር አጠገብ እንደተቀመጠ የሩቅ ዘመድ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ይቀራል። ይህን ክር የከፈትኩት ያንን ዘመድ ወደ ውስጥ ለማስገባት ነው።

ገና ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ 45 ደቂቃ ገደማ ፈልጋችሁ አይታችሁት ተመለሱ። ምስጢሩን ሳልነካ ስለዚህ ክፍል መናገር አልችልም።

የፒካርድ የኮከብ መርከብ ኢንተርፕራይዝ ዴልታ ራና አራት ከተባለች የሰፋሪዎች ፕላኔት የድረሱልን ጥሪ ሰምታ ትገሰግሳለች። ስትደርስ ግን 11,000 ሰው ይኖርባት የነበረችው ፕላኔት ከዳር እስከ ዳር ነዳ ዐመድ ሆናለች። በዚያ ሁሉ ጥቁር መሬት መካከል አንዲት ቤት ብቻ፣ ሣሯና ዛፏ እንዳለ፣ ልክ ትናንት እንደተለሰነች ሆና ቆማለች። በውስጧ ኬቨንና ሪሾን አክስብሪጅ የተባሉ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ በሙያቸው ዕፅዋት አጥኚ የሆኑ ባልና ሚስት ይኖራሉ። ሽማግሌው እንግዶቹን የሚቀበሉት መሣሪያ ደግነው ነው፤ መሣሪያው ግን አይሠራም። ኮማንደር ራይከርም በግቢው የተጠመደ ገመድ እግሩን ጠልፎ ዘቅዝቆ ያንጠለጥለዋል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሲያልቅ እነርሱ ብቻ እንዴት ተረፉ? ባልና ሚስቱ አናውቅም ይላሉ፤ ቤታቸውንም ጥለው አንሄድም ይላሉ።

አብዛኛው ተመልካች ይህን ክፍል የሚያስታውሰው እንደ እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሽ ደግሞ መልሱ ከታወቀ በኋላ ዋጋው ይወርዳል። የተረሳበትም ምክንያት ይህ ይመስለኛል። እኔ ግን መልሱን አውቄ ለሁለተኛ ጊዜ ስመለከተው ሌላ ታሪክ አገኘሁ፤ በክፍሉ ውስጥ የሚደርሰው ነገር ሁሉ፣ ከቤቱ ጀምሮ በየጊዜው ብቅ እያለ ኢንተርፕራይዝን እስከሚገጥመው የጦር መርከብ ድረስ፣ የአንድ ሐዘንተኛ የእጅ ሥራ ነው። ኬቨን ሰው አይደለም፤ ዳውድ የሚባሉ የማይሞቱ ፍጥረታት ወገን ነው (ስሙን መጀመሪያ ስሰማ የጎረቤታችን ልጅ የተጠራ መስሎኝ ብዙ እንደሳቅሁ አልደብቃችሁም)። ሪሾንን ወድዶ፣ ማንነቱን ሸሽጎ፣ የሰው መልክ ይዞ ከሃምሳ ዓመት በላይ በትዳር ኖሯል። ሪሾን ግን ሞታለች፤ ቤቱም የለም። እንግዶቹ ያዩት ሐዘንተኛው ቤቱን እንደነበረ መልሶ ያቆመውን፣ በመካከሉም ሚስቱን እንደነበረች ያስቀመጣትን ነው። የጦር መርከቡ ደግሞ «አትምጡብኝ» የሚል በር ነው፤ ፒካርድ ሲያሳድደው እየሸሸ ያርቀዋል፣ አልርቅም ሲል ጠንክሮ ይመታዋል። የሰውን ስሜት ከሩቅ የምታውቀው አማካሪዋ ትሮይ ቀንና ሌሊት በጭንቅላቷ ውስጥ የሚደጋገም፣ በዚያ ቤት ካለው የሙዚቃ ሣጥን የወጣ ዜማ ትሰማለች። ያንን ዜማ ያስገባባትም እርሱ ነው፤ ዓላማውም ውስጡን እንዳታይበት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፒካርድ ነገሩን የደረሰበት መንገድ ነው። ክሊንጎን ከተባለው የተዋጊዎች ዘር ከሆነው መኮንኑ ከዎርፍ ጋር ሆኖ ወደ ቤቱ ይወርዳል፤ ምግብ የሚሠራ ሬፕሊኬተርም ይዞላቸው ይመጣል። በኋላም እነርሱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ኢንተርፕራይዝ ከዚህ እንደማትነቃነቅ ቃል ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ያ የጦር መርከብ ተመልሶ ቤቱን ከነሰዎቹ ያወድመዋል። ቃሉን ልብ በሉ፤ «በሕይወት እስካሉ» ብሏልና እንዲሄድላቸው «ሞቱለት»። ፒካርድም ያን ሁሉ ሲያስጨንቀው የነበረውን መርከብ በአንድ ፎቶን ቶርፒዶ ያፈነዳዋል፤ ከዚያ ግን አይሄድም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ቤቱ እንደገና ይታያል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ትዕይንት ነው ይህን ክር ያስከፈተኝ። ፒካርድ ሁለቱንም ወደ መርከቡ ማዘዣ ክፍል ያስመጣቸውና ለሪሾን፣ ፊት ለፊት፣ ከሌሎቹ ሰፋሪዎች ጋር መሞቷን ይነግራታል። እኛ ለዚህ ቃል አለን፤ መርዶ ይባላል። መርዶ ግን ለቀሪ ይነገራል እንጂ ለሟች አይነገርም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ለሟቿ ራሷ የራሷ መርዶ የተነገረበት ሌላ የዚህ ተከታታይ ክፍል አላስታውስም። ሪሾን ወደ ባሏ ዞር ትላለች፤ ከዚያ የለችም።

ኬቨን በኋላ የሚናዘዘውን እዚህ በሙሉ አልደግመውም። ሁስኖክ የተባሉት ወራሪዎች ሲመጡ መግደልን በፍጹም ስለማይቀበል አልተዋጋም፤ በማታለያ ሊያባርራቸው ሞከረ፤ እነርሱ ግን ይበልጥ ጨከኑ። ሪሾን ከሕዝቡ ጋር ወጥታ ተዋግታ ሞተች። ሬሳዋን ባየበት ቅጽበት ቁጣው ገነፈለና ሁስኖክን አጠፋ፤ ወራሪዎቹን ብቻ ሳይሆን በየትም ያሉትን ሁሉ፣ 50 ቢሊዮን። ተዋናዩ ይህን የሚናገረው ሳይጮኽ ነው፤ ቁጥሩን የሚጠራው የማይከፍለውን ዕዳ እንደሚቆጥር ሰው ነው።

ሻይ በቅርንፉድ

ስለ ዎርፍ ምንም ሳይባል ሊታለፍ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር፤ ስሙ ስለተነሣልኝ አመሰግናለሁ። በዚያች ቤት ሳሎን ውስጥ ያ ግዙፍ ተዋጊ በትንሽ ስኒ ሻይ ይዞ ቆሞ፣ ጨዋታ መክፈት እንዳለበት ተሰምቶት፣ ሻይው ጥሩ መሆኑንና ቤቱም መልካም መሆኑን በአራት ቃል የሚናገርበትን ቅጽበት ሳስታውስ፣ በማያውቀው ቤት ገብቶ «ቤት ለእንግዳ» እየተባለ የሚጨነቅ አጎቴን አያለሁ።

አንድ የትርጉም ጥያቄም ላንሣ። ዎርፍ ሽማግሌውን በማይሠራ መሣሪያ ወታደሮችን ለማገድ መሞከራቸውን ያደንቅላቸዋል፤ የሚጠቀምበት ቃል ስድብም አድናቆትም ነው። ለእናቴ ስተረጉምላት መጀመሪያ «ድፍረት» አልኩ፤ ቀለለብኝ። «ዓይን አውጣነት» አልኩ፤ እርሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስድብ ሆነ። በመጨረሻ «ዓይን ያወጣ ድፍረት» ላይ አረፍኩ፤ እናቴ ሳቀች፤ ስትስቅ ትክክል መሆኑን አወቅሁ። የተሻለ ያለው ይንገረኝ።

አራተኛ ፎቅ

ክሩን የከፈቱት ወንድማችን በሚያምር አማርኛ ስለጻፉ ብቻ ሁላችንም እንስማማ ማለት አይደለም፤ እኔ ይህ ክፍል የተረሳበት ምክንያት አለው ከሚሉት ወገን ነኝ።

በመጀመሪያ የትሮይ ነገር። ክፍሉ በጭንቅላቷ ውስጥ በሚጮኽ ዜማ ሲያሠቃያት ቆይቶ፣ ዶክተር ክረሸር በመድኃኒት እንድታስተኛት ያደርግና ከታሪኩ ያስወጣታል። ምስጢሩን ልታውቅ የምትችለው ብቸኛ ሰው እርሷ ስለሆነች ደራሲው ከመንገዱ ገፋት፤ ይህ ደግሞ በእርሷ ላይ የተደረገው ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በትወናው ማሪና ሰርቲስን አላማትም፤ የተሰጣትን ሠርታለች፤ የተሰጣት ግን ማልቀስና መጮኽ ብቻ ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው ቅሬታዬ ፍጻሜው ነው። ፒካርድ ኬቨንን ለመዳኘት ብቁ እንዳልሆኑና ለሠራው ወንጀል የሚመጥን ሕግ እንደሌላቸው ይነግረውና፣ ወደ ፕላኔቱ ተመልሶ ሚስቱን እንደገና እንዲሠራት ይፈቅድለታል። 50 ቢሊዮን ፍጥረት ያለቀበት ጉዳይ እንዲህ ተብሎ ይዘጋል? በሁስኖክ መካከል ሕፃን አልነበረም? ታሞ የተኛ፣ ጦርነቱን የሚቃወም፣ ስለ ዴልታ ራና ሰምቶ የማያውቅ አልነበረም? አንድም የሁስኖክ ፊት አናይም፤ አንድም ድምፅ አንሰማም። የሪሾን ፊት ግን በሙሉ ስክሪን ይታየናል። እንባችንን ወደየት እንደምናፈስስ ካሜራው አስቀድሞ ወስኖልናል።

ቀይ መብራት

አራተኛ ፎቅ፣ ስለ ትሮይ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ስወደው የኖርኩት ክፍል ቢሆንም እዚያ ላይ ስንፍና አለበት። ስለ ሁስኖክ ያሉትን ግን እንደ ጉድለት አላየውም። ፊታቸውን አለማየታችን ኬቨን ያደረገውን በትክክል የሚያሳይ ነው፤ በየትም የሉም ሲባል በፊልሙም ውስጥ የሉም። አንድ ሁስኖክ ቢታይ ኖሮ አንድ ተርፎ ነበር ማለት ነው። የክፍሉ ርእስ «የተረፉት» ማለት ነው፤ ከሁለቱ አንዷ አልተረፈችም፣ ሌላው ደግሞ መሞት ስለማይችል መትረፉ ትርፍ አይደለም፤ ከሁስኖክ ወገን ደግሞ ይህ ስም የሚገባው አንድም የለም።

ችሎት

በሕግ ሙያ ስለቆየሁ ስለ «ሕግ የለንም» ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ይህን ንግግር እንደ ሽሽት ይቆጥረዋልና።

አንድን ሕዝብ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ስም የሌለው ወንጀል አይደለም። የዘር ማጥፋትን ወንጀል የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲወጣ ኢትዮጵያ ለማጽደቅ ከቀደሙት አገሮች ወገን ነበረች፤ ድርጊቱም በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ውስጥ ገብቷል። በ24ኛው ክፍለ ዘመን የሚኖር የኮከብ መርከብ ካፒቴን ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ስለዚህ ፒካርድ «ስም የለንም» እያለ አይደለም።

የእኔ ንባብ ይህ ነው፤ ሕግ እንዲሠራ ከድርጊቱ ስም ሌላ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ተከሳሹን ማስቀረብ የሚችል ኃይልና ለጥፋቱ የሚመጥን ቅጣት። በኬቨን ላይ ሁለቱም የሉም። በቅጽበት 50 ቢሊዮንን ያጠፋን ማን አስሮ ያቆማል? የሚሞት ሰው የማይሞተውን ምን ብሎ ይቀጣዋል? በአባቶች ሥርዓት ደም ሲፈስ ሽማግሌ ገብቶ ካሳ ይቆርጣል፣ ገዳይና የሟች ወገን ይታረቃሉ፤ እዚህ ግን ካሳውን የሚቀበል፣ እርቁን የሚፈጽም የሟች ወገን አንድም አልቀረም። ዳኛው ብቻ ሳይሆን ከሳሹም ጠፍቷል። ፒካርድ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ በመናገሩ ደራሲውን አመሰግነዋለሁ፤ ሌላ ክፍል ቢሆን ኖሮ የአሥር ደቂቃ ችሎት ይዘረጋልን ነበር።

በአራተኛ ፎቅ ቅሬታ የምስማማበት አንድ ነገር አለ። ፒካርድ ሚስቱን እንደገና እንዲሠራት ሲፈቅድለት ድምፁ ለስላሳ መሆኑ ይረብሸኛል። መዳኘት አልችልም ያለ ሰው ማጽናናትም ባይችል ይሻል ነበር።

የሪሾን ሰው

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። አጭር ነገር፤ «ሪሾን» በዕብራይስጥ «የመጀመሪያው» ማለት ነው፤ የምኖርባት ከተማ ሪሾን ለጺዮንም ስሟን ከዚያ አግኝታለች። ደራሲው ይህን አስቦ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ቤቱ እንደገና በተሠራ ቁጥር «የትኛዋ ሪሾን ናት የመጀመሪያዋ?» እያልኩ ሳልወድ እስቃለሁ።

የድሮ ቴሌቪዥን

ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት ልጨምር። ክፍሉን የጻፈው ማይክል ዋግነር ነው፤ ዳይሬክተሩ ሌስ ላንዳው ነው። ዋግነር በሦስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ የደራሲዎቹን ክፍል ለጥቂት ጊዜ መርቶ ከዚያ የወጣ ሰው ነው፤ ቦታውን የያዘው ማይክል ፒለር ተከታታዩን ወደ ገጸ ባሕርያቱ የውስጥ ሕይወት በማዞሩ ሁሉም ያመሰግነዋል። ምስጋናው ይገባዋል፤ ነገር ግን ያ አቅጣጫ በዚህ ክፍል አስቀድሞ ይታያል፤ የዋግነር ስም ግን አይነሣም። የክፍሉ ደራሲም እንደ ክፍሉ ተረስቷል ማለት ነው።

ኬቨንን የተጫወተው ጆን አንደርሰን «ዘ ትዋይላይት ዞን» ላይ በተደጋጋሚ የታየ፣ በሂችኮክ «ሳይኮ»ም መኪና ሻጩ የነበረ ሰው ነው፤ ፊቱን ብታዩት ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ግን አትጠሩትም። ሪሾንን የተጫወተችው አን ሄኒ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ«ዲፕ ስፔስ ናይን» «ዳክስ» በተባለው ክፍል ተመልሳ መጥታለች፤ ያን ጊዜ የተሰጣት ሚና የዳኛ ነው። ችሎት ይህን ሲያነብ ፈገግ ይላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለቱን አዛውንት ለማየት ብቻ እንኳ ይህን ክፍል እመክራለሁ። ሪሾን ባሏን ስታየው የሃምሳ ዓመት ትዳር በዓይኗ ውስጥ አለ፤ ኬቨን ደግሞ እርሷ ስትናገር ሁልጊዜ አንድ ትንፋሽ ዘግይቶ ነው የሚመልሰው። መጀመሪያ ስታዩት የሽምግልና ይመስላችኋል። ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ግን የምትናገረውን ቃል ሁሉ ራሱ እንደጻፈላት ታስታውሱና ደማችሁ ይቀዘቅዛል።

ጨለማ ኮሪደር

ከሁለት ክፍል በኋላ የሚመጣውን «ዘ ቦንዲንግ»ን አብራችሁ እዩ። እዚያም እናቱን ላጣ ትንሽ ልጅ ሌላ የባዕድ ኃይል እናቱን አስመስሎ ይመጣለታል፤ ቤቱንም እንደነበረ ይሠራለታል። ልዩነቱ እዚያ መርከበኞቹ ሁሉ ተሰብስበው «ይህ እናትህ አይደለችም፤ ማልቀስ አለብህ» ብለው ልጁን ከውሸቱ ማውጣታቸው ነው፤ ዎርፍም ወንድሙ ያደርገዋል። ለልጁ የተከለከለው ለሽማግሌው ተፈቀደ። በአንድ ምዕራፍ፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ በአንድ ካፒቴን እጅ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ! ይህን ያስተዋለ ሰው ካለ ምክንያቱን እንዲያስረዳኝ እጠይቃለሁ፤ የእኔ ግምት ልጁ የሚያድግበት ጊዜ አለው፣ ሽማግሌው ግን ዘላለም ነው ያለው የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ አጥጋቢ አይደለም።

ሻይ በቅርንፉድ

ቅድም ስለ እናቴ ስለጻፍኩ የቀረውንም ልንገራችሁ፤ ለጨለማ ኮሪደር ጥያቄ መልስ ይሁን አይሁን እናንተ ፍረዱ።

እናቴ ሳይንሳዊ ልቦለድ አትወድም፤ በዚያ ምሽት የተቀመጠችው እኔ ብቻዬን እንዳልሆን ነው። ፒካርድ ለሪሾን መሞቷን ሲነግራት በአማርኛ ስተረጉምላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ «መርዶ እንዲህ ይነገራል? ቁጭ በይ እንኳ አላላትም» አለች። ክሩን የከፈቱት ወንድማችን መርዶ ብለው ሳነብ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። በእናቴ አገር መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው፤ እርሷ ያየችው ግን የሚደግፋት ወንበር እንኳ በሌለበት ቆማ ሞቷን የተረዳች አሮጊት ነው።

ፍጻሜው ላይ ፒካርድ በማስታወሻው ይህ ፍጥረት ይመስገን ወይም ይወገዝ እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ግን ብቻውን ሊተው እንደሚገባ ይናገራል። ይህንን ስተረጉምላት ተቃወመችኝ። «ለቅሰኛ ብቻውን አይተውም፤ ይህ ሰውዬ ማን አለቀሰለት?» አለች። እኔም ስለ 50 ቢሊዮኑ ነገርኳት። ዝም አለች፤ ብዙ ቆይታ «ታዲያ ስለ እነርሱስ ማን አለቀሰ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ስሞቹ በስክሪኑ ላይ እየወጡ ነበር።

አራተኛ ፎቅ

እናትዎ ካሜራው ያላደረገውን አደረጉ። ቅሬታዬን አላነሣም፤ ክፍሉን ግን ዛሬ ማታ እንደገና አየዋለሁ።

ቀይ መብራት

ሻይ በቅርንፉድ፣ ከይቅርታ ጋር አንድ ጥያቄ፤ እናትዎ ስለ ዎርፍ ምን አሉ?

ሻይ በቅርንፉድ

«ያ ሻይ ያመሰገነው ግንባረ ሻካራው ሌላ ቀን ይመለስላቸው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። በቀሩት አራት ምዕራፎች ወደዚያች ቤት የተመለሰ እንደሌለ አውቃለሁ። ለእርሷ ግን «ገና አላየሁትም» አልኳት።